አስወረዳት ወይስ አስወረደች?

ጥያቄ፦ ሰላም ነህ ጋሼ? ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው የምጽፍልህ። በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የውጭ ዜና እየተረጎምኩ አነባለሁ። የአሜሪካኖቹ የአቦርሽን ክርክር ደግሞ አያልቅም። እኔ «ውርጃ» ብዬ ስጽፍ አለቃዬ ይሰርዝና «ፅንስ ማቋረጥ» ያደርገዋል። ውርጃ ነውር ቃል ነው ባይ ነው። እሱ ያለውን ስናነብ ደግሞ አንድ አድማጭ ደውሎ «ማቋረጥማ ነገ ለሚቀጥል ነገር ነው፤ ነገሩን በለስላሳ ቃል አትሸፍኑት» አለን። የቱ ነው ልክ? ውርጃን የሚቃወሙትን «ፕሮ ላይፍ»፣ መብቱን የሚደግፉትን «ፕሮ ቾይስ» ይሏቸዋል፤ እነሱንስ ምን ብለን እንጥራቸው? እግረ መንገድህን ደግሞ፣ ፅንስ በየትኛው «ፀ» ነው የሚጻፈው?

መልስ፦ በመጀመሪያ «አንተ» ስላልሽኝ ተመስገን። እኔም ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ እንደሌለው የማያውቁ አንባቢዎች ደብዳቤሽን አይተው ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው ይህን የምናገረው።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። «ውርጃ» ነውር ቃል አይደለም። ሥሩ «ወረደ» ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ስትዪ የምትጠሪው ያንኑ ግስ ነው። ስም ሲወጣለት የመጨረሻው «ደ» ወደ «ጀ» ቤት ይሻገራል። ከወረደ ወራጅ፣ ከፈረደ ፈራጅ፣ ከአረደ አራጅ ይወጣል። ከአረሰ እርሻ እንደሚወጣ ከወረደም ውርጃ ወጣ። ቃሉ የሚነግርሽ መውረዱን ብቻ ነው። በፈቃድ ይሁን በድንገት፣ በሐኪም ይሁን በጓዳ፣ ምንም አይልም።

የድሬ ሰው ስለሆንሽ ሌሎቹን ቋንቋዎቻችንንም አስቢያቸው። ኦሮምኛው «ኡልፋ ባሱ» ይላል፤ እርግዝናን ማውጣት ማለት ነው። ሶማልኛው በራሱ ሲሆን «ዲዒስ» ይለዋል፤ መውደቅ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። እኛ አወረድን፣ አንዱ አወጣ፣ አንዱ ጣለ። በሦስቱም ሴቷ አልተጠራችም፤ ሁሉም ነገሩን በእንቅስቃሴ ነው የተናገረው።

አሁን አንቺ ያልጠየቅሽኝን፣ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጣል የምለውን ላንሳ። «አስወረዳት» እና «አስወረደች» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አስወረደች ስንል የግሱ ባለቤት እሷ ናት፤ አድራጊ ናት። አስወረዳት ስንል ግን እሷ ተሳቢ ናት፤ ነገሩ የደረሰባት ናት። ራባት፣ አመማት፣ አስነጠሳት፣ አስመለሳት እንደምንለው ነው። «ማን አስነጠሳት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አስወረዳትም እንደዚያው፣ ያለ ማንም ጥፋት ፅንሱ ወረደባት ማለት ነው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ መስሎሽ እንዳታልፊው። ከዓመታት በፊት የአራት ወር ፅንስ የወረደባትን አንዲት ጎረቤታችንን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ካርድ የሚያወጣው ልጅ ቀና እንኳ ሳይል «መቼ ነው ያስወረድሽው?» አላት። ሊል የፈለገው «መቼ ነው ያስወረደሽ?» ነበር። ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ ደክሞታል፣ ሰልፉ ረጅም ነው። እሷ ግን እዚያው ወንበር ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ዋናው ልዩነት የአንዲት ፊደል ቅርጽ ነው፤ «ደ» ወይስ «ድ»። በአንደኛው ሐዘንተኛ ትሆኛለሽ፣ በሌላው ተጠርጣሪ።

ሦስተኛም አለ። «ባሏ አስወረዳት» ካልሽ አድራጊ ገባበት፤ አሁን የሌላ ሰው ሥራ ሆነ። የወንጀል ሕጋችንም ይህን ይለያል። ነፍሰ ጡሯ ራሷ የምትፈጽመው በአንቀጽ 546፣ ሌላ ሰው የሚፈጽመው በአንቀጽ 547 ነው የተቀመጠው። እንግዲህ ዜና ስትጽፊ ስሙን ከመምረጥሽ በፊት ግሱን መርምሪ።

«ማቋረጥ»ን በተመለከተ አድማጫችሁ በቋንቋው በኩል ተሳስቷል። ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ሊመለስ ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ውል ሲቋረጥ አበቃለት። ከከዚራ ተነስቶ ደቻቱን አቋርጦ መጋላ የገባ ሰውም ወንዙን ጨርሶታል። ቃሉ ስለ ነገ ምንም ቃል አይገባም። ለስላሳ ነው ያለው ግን እውነት አለው። «ፅንስ ማቋረጥ» የሕግና የጤና ባለሙያ ቃል ነው፤ ቀዝቀዝ ይላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም «ማቋረጥ» ነው የሚለው። ሰፈር ውስጥ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ አስወረደች፣ አስጠረገች፣ አቦርሽን አደረገች። ገና ሳይታወቅ በራሱ ሲጠፋ ደግሞ «አልረጋላትም» ይባላል፤ ከሁሉም ይህችን እወዳታለሁ፣ ርኅራኄ አላት።

ስለዚህ ለአለቃሽ እንዲህ በይልኝ። የሕግ አንቀጽ ስትጠቅሱ «ፅንስ ማቋረጥ» በሉ። በሌላው ዜና ውርጃም ማቋረጥም ያስኬዳል። ግን አንዱን ወገን ስትጠቅሱ ማቋረጥ፣ ሌላውን ስትጠቅሱ ውርጃ እያላችሁ አታፈራርቁ። ያን ጊዜ ዜና አንባቢዋ ሳታስበው ዳኛ ሆነች ማለት ነው።

«ጨነገፈ»ም እንዳይቀር። እሱ በራሱ ለወረደ ብቻ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥8 ራሱን «ጭንጋፍ» ብሎ ጠርቷል። ዛሬ ግን ፖለቲከኛው ወስዶታል፤ «ሴራው ጨነገፈ»፣ «ድርድሩ ጨነገፈ» እንላለን። ለሴት ብትጠቀሚበት ስህተት የለውም፤ ብቻ ጆሮ ላይ ሻከር ይላል።

ከስሙ ይልቅ ዜናውን የሚያበላሸው የፍርድ ቤቱ ግስ ነው። «የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውርጃን ከለከለ» የሚል ርዕስ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! አልከለከለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ያው ፍርድ ቤት የሴቷን መብት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አያይዞ ወስኖ ነበር። በሰኔ 2022 ደግሞ ያንን ውሳኔ ሻረው። ነገሩን ወደ ክፍለ ግዛቶች መለሰው። ከዚያ በኋላ የከለከሉ ከለከሉ፣ የፈቀዱ ፈቀዱ። «ገለበጠ»ም አትበዪ፤ የሚገለበጥ መኪና ነው። የእኛ ችሎት ጥሩ ቃል አለው፤ ውሳኔ ይሻራል፣ ይጸናል፣ ይሻሻላል። ክርክሩ እስኪያልቅ አፈጻጸሙ ከቆመ ደግሞ «ታገደ» ነው የሚባለው። የታገደ ሕግ አልተሻረም። ይህን የሚያምታቱት አንባቢዎች ብቻ አይደሉም።

የ1973ቱን ክርክር «ሮ በተቃራኒ ዌድ» የሚሉትም ይገርሙኛል። «ሮ እና ዌድ» በቂ ነው። ዌድ የዳላስ ዐቃቤ ሕግ ነበር። «ጄን ሮ» ግን የብዕር ስም ዓይነት ናት፤ ከሳሿ ማንነቷ እንዳይታወቅ የተሰጣት። ለአድማጭ ስታስረጂ «እከሊት እና ዌድ እንደማለት ነው» ብትዪ ወዲያው ይገባዋል።

ወደ ራሳችን ሕግ ስትመጪም ያው ነው። «ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጋዊ ነው» ማለትም፣ «ክልክል ነው» ማለትም ግማሽ ዜና ነው። አንቀጽ 545 መርሁን ያስቀምጣል፤ ከሕጉ ውጭ ማቋረጥ ያስቀጣል። አንቀጽ 551 የሚፈቀድበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። አስገድዶ መድፈር፣ በዘመዳሞች መካከል የተፈጠረ ፅንስ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅ፣ የማይድን ከባድ የፅንስ ጉድለት፣ እንዲሁም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜ ማነስ ልጅ ለማሳደግ አለመቻል። ስለዚህ «በተወሰኑ ሁኔታዎች ይፈቀዳል» በዪ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እውነት ነው።

አሁን «ፕሮ ላይፍ» እና «ፕሮ ቾይስ»። ሁለቱም ለራሳቸው ያወጡት ስም ነው፤ ስም ሲያወጣ ራሱን የሚሰድብ የለም። «የሕይወት ደጋፊዎች» ብለሽ ከተረጎምሽ ሌላውን ወገን የሞት ደጋፊ አደረግሽው። «የምርጫ ደጋፊዎች» ስትዪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በእኛ አገር ምርጫ ማለት ኮሮጆና ታዛቢ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የካንሳስ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የውርጃን መብት ከክፍለ ግዛቷ ሕገ መንግሥት የሚያስወጣውን ማሻሻያ 59 በመቶ ገደማ ሆኖ ጣለው። «የምርጫ ደጋፊዎች ምርጫውን አሸነፉ» ብለሽ አንብቢና የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ምን እንደሚረዳ ገምቺ! ለድምፁ «ሕዝበ ውሳኔ» በዪ። ሰዎቹን ደግሞ በሚሉት ነገር ጥሪያቸው፤ «ውርጃ ይከልከል የሚሉ»፣ «ውሳኔው የሴቷ ይሁን የሚሉ»። አይርላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገችው ሕዝበ ውሳኔም እንዲሁ ብትዪ ይሠራል።

ፍጹም ገለልተኛ ቃል ግን አትፈልጊ፤ አታገኚም። «ነፍሰ ጡር» የሚለውን እዪው። ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ክርክሩ ሁሉ ያ የተሸከመችው ነፍስ ነው ወይስ ገና አይደለም የሚል ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ቃል መልሱን ከጥንት ውስጡ ይዞ ይዞራል። ቢሆንም ማንም ነፍሰ ጡር ሲል ወገን ያዘ አይባልም፤ ልማድ አለዝቦታል። «ፅንስ» እና «ያልተወለደ ሕፃን» ግን ገና አልለዘቡም። ሰው ሲናገር የጠራውን ቃል በጥቅስ አስገቢ፤ በራስሽ አንደበት ግን «ፅንስ» ብትዪ ይሻላል። «ሽል»ም አለ፣ ያማረ ያገራችን ቃል ነው። «ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል» የሚለውን እናትሽ ታውቀዋለች። ዜና ላይ ግን አላየሁትም።

የ«ፀ» ነገር አጭር ነው። ግዕዙ «ፀንሰ» በፀሐዩ ፀ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ «ፅንስ»። «ጽንስ» ብሎ የጻፈውን ግን አትክሰሺው። ሬዲዮ ላይ ደግሞ ማንም አያይሽም።