ጄሉ ውስጥ የሚቀረው ውሃ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ኬሚስት ጻፈችልኝ። «የዚርኮኒየም ሞሊብዴት ጄል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አሠራር ነው የምንሠራው። አንዱ ዙር ቴክኒሺየሙን በደንብ ይለቃል፣ ሌላው አንቆ ይይዘዋል። ለምን?» ቴክኒሺየም ሐኪሞች የታማሚን የውስጥ አካል በምስል ለማየት የሚጠቀሙበት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ነው። ሞሊብዲነም-99 ሲበሰብስ ይፈጠራል፤ ጄሉ ሞሊብዲነሙን ይዞ ያስቀራል፣ ቴክኒሺየሙ ግን በጨው ውሃ (ሳላይን) ታጥቦ ይወጣል። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ጄል ለምን እንዳስፈለገ ባጭሩ ልለፈው። ከዩራኒየም ክፍፍል የሚገኘው ሞሊብዲነም-99 በትንሽ መጠን ብዙ ጨረር ስላለው ትንሽ የአሉሚና ኮለም፣ ማለትም በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት የተሞላ ቱቦ፣ ይበቃዋል። የተፈጥሮ ሞሊብዲነምን ሪአክተር ውስጥ በኒውትሮን ስንመታ ግን ወደ 99 የሚለወጠው ኢምንት ነው። ቀሪው ጨረር አልባ ሞሊብዲነም ቦታውን ይይዘዋል፣ አሉሚናውም አይችለውም። ጄሉ ሞሊብዲነሙን የራሱ አካል ያደርገዋል፤ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ እሱ ነው።

እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ። ሞሊብዲነም ኦክሳይዱን በኮስቲክ ሶዳ ማሟሟት፣ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መጠን) ማስተካከል፣ ከዚርኮኒየም ጨው ጋር ቀስ እያሉ መቀላቀል የእኛ የልጆቹ ሥራ ነበር። ዝቃጩ ተጣርቶ ማድረቂያ ምድጃው ጋ ሲደርስ ግን ከእጃችን ይወስዱታል። እያንጎራጎሩ ነበር የሚያደርቁት፤ ድምፃቸው ለዘፈን የተሠራ አልነበረም እንጂ። ጨረር በሌለው የሙከራ ጄል ነበር ያሠለጠኑን። ደርቆ እንደ መስታወት ስብርባሪ ሲሆን ውሃ ያፈሱበታል። ጄሉም ጠሽ ጠሽ እያለ ራሱ ይፈረካከሳል። ጋሼ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው «ይኼ ይሠራል» ወይም «ይኼ አልቆለታል» ይሉ ነበር። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበሩ።

የሚሰሙት ነገር ውሃውን ነበር ማለት ይቻላል። ቴክኒሺየሙ የሚወጣው ጄሉ ውስጥ በቀረው ውሃ በኩል ነው። ምድጃው ከልክ በላይ ከሞቀ ውሃው ይሄዳል፣ የጄሉ ውስጥ ይጠባል፣ ሳላይን ብታሳልፉበትም የሚወጣው ትንሽ ይሆናል። በደንብ ካልደረቀ ደግሞ ለስልሶ ኮለሙን ይዘጋል።

አለቃችን የተበላሸ ዙር መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር አዘዙ። «ለተቆጣጣሪ ምን ይመስላል?» ነበር ምክንያታቸው። ጋሼ ተከራከሩ፣ የሰማቸው የለም። ከዚያ ጡረታ ወጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 ከዓለም ዋነኛ የሞሊብዲነም-99 አምራቾች አንዱ የነበረው የካናዳው የቾክ ሪቨር ሪአክተር ቆመ፤ ዳግም ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2010 ነው። በዓለም የሞሊብዲነም-99 እጥረት ሆነ። ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት የሆነ ነገር ደግሞ አከማችተህ አታስቀምጠውም። ያኔ ሁሉም ጄል ትዝ አለው። መዝገባችንን ስንገልጥ ያማሩ ዙሮች ብቻ ተደርድረዋል። ምድጃው የቱ ጋ እንደሚያበላሽ የሚነግረን አንድ ገጽ አልነበረም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

የዛሬ ልጆች ሁሉን በስልክ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ማየት ግን ትታችኋል። ማሽኑ ያተመውን ወረቀት ታምናላችሁ፣ ጄሉን አትነኩትም። ግን ደግሞ፣ ያኔ አንዳችን ስልክ ኖሮን የተበላሹትን ዙሮች ፎቶ ብናነሳ ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ ነበር!

ስለዚህ ወጣቷን ያልኳት ይኼ ነው፦ ጄሉን ከምድጃ በፊትና በኋላ መዝኚ። የላይኛውን መደርደሪያ ከታችኛው ለይተሽ ያዢ፤ ሙቀቱ አንድ ነው ብለሽ አትመኚ። የጠፋውን ውሃ ከወጣው ቴክኒሺየም ጎን ጻፊ፣ የከሸፈውንም ጭምር። የጨረር ጥንቃቄን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ከጄሉ ቀጥሎ ትንሽ የአሉሚና ኮለም ማድረግን ግን ሰነፎች ይዘሉታል። ያመለጠ ሞሊብዲነም ታማሚው ደም ውስጥ ሲገባ ማየት ካልፈለጋችሁ አትዝለሉት።

ጄሉን በምንነፋበት ወንፊት ጉዳይ ከጋሼ ጋር እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። እሳቸው ደቃቁን ጥራጥሬ ይመርጡ ነበር፤ ቴክኒሺየሙን ቶሎ ይለቃላ። እኔ ሻካራውን እመርጣለሁ። ትንሽ ቢያጎድልም ሳላይኑ ሳይጨናነቅ ያልፋል፤ ጠዋት ታማሚ ተሰልፎ እየጠበቀ ኮለም ሲዘጋ ያየ ሰው ይገባዋል።