ሬይድ 1 እያለው ማሽኑ በሁለተኛው ዲስክ ለምን አልነሳም?

ወንድሜ፣ ኡቡንቱ ሰርቨር በሁለት ኤስኤስዲ ዲስክ ሬይድ 1 አድርገህ (አንዱ የሌላው ቅጂ እንዲሆን) ጭነህ፣ ለሙከራ አንደኛውን ስትነቅል «የሚነሳበት ዲስክ የለም» አለህ፤ ባዮሱ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ለምን ወደ ሁለተኛው አያልፍም ነው ጥያቄህ። ባዮሱስ አልፏል። ያለፈበት ዲስክ ላይ ግን የሚያስነሳው ፋይል የለም።

እኔንም አሳፍራኛለች ይቺ ነገር። እዚሁ ባሕር ዳር ግሽ አባይ አካባቢ ለአንድ መድኃኒት ቤት ልክ እንዳንተ ሠርቼ «አንዱ ቢሞት አንዱ አለ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። ክረምት ላይ መብራት ሄድ መጣ ሲል አንዱ ዲስክ ተቃጠለ፣ ማሽኑም አብሮት ተኛ። ዳታው ሁለተኛው ላይ ሙሉ ነበር፤ ግን ማን አስነስቶ ይየው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሶፍትዌር ሬይድ (ኡቡንቱ ራሱ የሚሠራው) የሚያባዛው ውስጡ ያስገባኸውን ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፍል፣ ብቻ ነው። ዩኢኤፍአይ፣ ማለትም ያው የዛሬው ባዮስ፣ ሬይዱን አያውቀውም፤ የሚያነበው በፋት 32 የፋይል አሠራር የተሠራችውን፣ የማስነሻ ፋይሎች የሚቀመጡባትን ትንሿን የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ነው። እሷ ደግሞ ካላሰብክበት አንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ትቀራለች። ማዘርቦርዱ ላይ የተመዘገበው «ኡቡንቱ» የሚል ቡት ኢንትሪም (ከየት እንደሚነሳ የሚናገር መዝገብ) የሚጠራው የዚያችኑ ፓርቲሽን መለያ ነው። ዲስኩ ሲነቀል ኢንትሪው ይከሽፋል፣ ተራው ለሚቀጥለው ይደርሳል፤ ሁሉም ካለቀ ኢኤፍአይ ፎልደር ውስጥ፣ ቡት ፎልደር ውስጥ፣ ቡትኤክስ64 የሚል ፋይል ይፈልጋል። ያንተ ሁለተኛ ዲስክ ላይ እሱም የለም።

ስለዚህ እዚያም የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ፍጠር። ከኡቡንቱ 20.04 ወዲህ የግራብን (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ፓኬጅ በዲፒኬጂ ሪኮንፊገር ትእዛዝ ስትከፍት ሁለቱንም ፓርቲሽኖች መምረጥ ትችላለህ፤ ግራብ ሲዘመን አብረው ይዘመናሉ። ከዚያ ቡት ኢንትሪዎቹን የሚያሳየውን ኢኤፍአይቡትኤምጂአር የሚባል ትእዛዝ አስኪድና መለያቸው የተለያየ ሁለት ኢንትሪ መኖሩን እይ። ቡትኤክስ64ንም አትተው፤ ዲስክ ሲጠፋበት ኢንትሪውን ጭራሽ የሚሰርዝ፣ ዲስኩ ሲመለስም የማያስታውስ ማዘርቦርድ በእጄ አልፏል።

ከተነሳልህም በኋላ አንድ ወጥመድ አለ። ኤፍስታብ (ሲነሳ የሚከፈቱት ፓርቲሽኖች ዝርዝር ያለበት ፋይል) ላይ ቡት ኢኤፍአይ የሚለው መስመር የተነቀለውን ዲስክ ዩዩአይዲ (የፓርቲሽን መለያ ቁጥር) ከያዘ ሲስተምዲ፣ የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሳው፣ 90 ሰከንድ ጠብቆ ኢመርጀንሲ ሞድ (የጥገና ትእዛዝ መስጫ ብቻ) ላይ ይጥልሃል። መስመሩ ላይ ኖፌይል («ባይገኝም ቀጥል» የሚል አማራጭ) ጨምርበት። እኔ ይህንን ያወቅሁት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከጀርባዬ ቆመው እያዩኝ ነው።

ደግሞ ከባዮሱ ብዙ አትጠብቅ። ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ፋይሉን መጫን ሲያቅተው ወይም ፋይሉ ስህተት መልሶ ሲወጣ ነው። ግራብ ተነስቶ ሬስኪው (ሊኑክስን ሳያገኝ ትእዛዝ የሚጠብቅበት) ላይ ከቆመ፣ ለባዮሱ ሥራው ተሳክቷል። ባዮሱ ነገሩ ከተንጠለጠለ ማሽኑን እንደገና የሚያስነሳ 5 ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት አለው፣ ግራብ ግን ገና ሲነሳ ያጠፋዋል። እዚያ ላይ ኪቦርድ ይዞ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

ስትሞክር መጀመሪያ በቡት ኔክስት (የኢኤፍአይቡትኤምጂአር አማራጭ ነው) ሁለተኛውን ኢንትሪ ለአንድ ጊዜ ብቻ አስነሳ። ከሠራ ማሽኑን አጥፍተህ የአንደኛውን ገመድ ንቀል። ከዚያ መልሰህ ሰካውና የሬይድ ማስተዳደሪያውን ትእዛዝ ኤምዲኤድኤምን ተጠቅመህ ወደ ሬይዱ አስገባው፤ የሬይዱን ሁኔታ በሚያሳየው ኤምዲስታት ፋይል ላይ ሁለቱ የእንግሊዝኛ «ዩ» ፊደላት (ሁለቱም ዲስኮች ደህና ናቸው ማለት ነው) ጎን ለጎን እስኪታዩ ድረስ የሌላኛውን ገመድ እንዳትነካ።