ክንድ ሳይኖር የሮቦት ክንድ ምርምር

ጠያቂያችን በሜካትሮኒክስ ተመርቋል። የሮቦት ክንድ ቁጥጥር ላይ ውጭ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር መሥራት ይፈልጋል፣ ግን ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድም ክንድ የለም፤ ለ40 ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ልኮ ማንም አልመለሰለትም።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኢሜይሉን አቁም። የላክልኝን ቅጂ አየሁት፤ ስም ብቻ እየተቀየረ የሄደ መሆኑ ገና ከሁለተኛው መስመር ያስታውቃል።

ክንዱ አለመኖሩ ግን የፈራኸውን ያህል አይጎዳህም። ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበትን፣ ፍራንካ ፓንዳ የሚባለውን ባለ 7 መገጣጠሚያ የሮቦት ክንድ ውሰድ፦ ትእዛዝ የሚቀበለው በሰከንድ 1000 ጊዜ ነው። ይህን በኢንተርኔት ከሌላ አገር ሆኖ መምራት አይታሰብም። በ1993 ጀርመኖች ሮቴክስ የሚባል ክንድ ኮሎምቢያ በተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ልከው ከምድር ሲያንቀሳቅሱት ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ስለዚህ ምድር ላይ ያለው ሰው ክንዱ ሊያደርግ ያለውን ቀድሞ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን እያየ ያዝዛል፣ ጥቃቅኑን ማስተካከያ ደግሞ ክንዱ በራሱ ሴንሰሮች ይጨርሰዋል። ዛሬም በአገሮች መካከል ሥራው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይከፈላል። አንዱ ጋ ክንዱ አለ፣ ሌላው ሞዴሉንና ኮዱን ያዘጋጃል። አንተ ሌላው ነህ።

እንግዲህ አንድ ነገር ያዝ። እኔ ብሆን ተመራማሪው ኔቪል ሆጋን በ1985 ባሳተመው የኢምፒዳንስ ቁጥጥር እጀምራለሁ፤ ክንዱ ዕቃ ሲነካ እንደ ስፕሪንግ እንዲለዝብ የሚያደርገው ማለት ነው። ሙጆኮ በሚባለው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ላይ ሥራው፣ ከ2022 ጀምሮ ኮዱ ክፍት ነው፣ ነፃም ነው። ሲሠራልህ ደስ ብሎህ እንዳታቆም፣ አበላሸው! መገጣጠሚያው ላይ ሰበቃ ጨምር፣ ለመቆጣጠሪያው ኮድ ሳትነግረው ጭነቱን አክብደው፣ ትእዛዙን ትንሽ አዘግይ። የት ጋ እንደሚንቀጠቀጥ ስታውቅ የምትጽፈው ነገር አገኘህ ማለት ነው። (ፓይተን ብቻ ከሆነ የምታውቀው ሲ ፕላስ ፕላስም ጀምር፤ ክንዱን በየቅጽበቱ የሚያዝዘው ፈጣኑ ዑደት በአብዛኛው የሚጻፈው በሱ ነው።)

ከዚያ ለአንድ ሰው ጻፍ። በዚሁ ጉዳይ ከነኮዱ የወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ ያዝ፤ ፕሮፌሰሩን ተወው፣ ኮዱን በእጁ የጻፈውን የዶክትሬት ተማሪ ፈልግ። «ኮድህን አስኬድኩት፣ ጭነት ሲጨምር እዚህ ጋ ይንቀጠቀጣል፣ እውነተኛው ክንድ ላይም እንዲህ ያደርጋል?» በለው፣ ቪዲዮውን አያይዝ። ሥራ ከጀመራችሁ ደግሞ ጽሑፉ ላይ ስምህ የት እንደሚገባ በጊዜ ጠይቅ፣ ይሉኝታ አይያዝህ።

ሁለት ሳምንት ጠብቅ። ዝም ካለ አንዴ አስታውሰው፣ አሁንም ዝም ካለ ሌላ ጽሑፍ ያዝ።