የፓቫሮቲን የቆየ ሸክላ ለሚገዛ

ሰላም ወንድሜ። የኢጣሊያዊውን የኦፔራ ቴነር (ከፍ ያለውን የወንድ ድምፅ የሚዘፍን) የፓቫሮቲን የድሮ ሸክላዎች መሰብሰብ ልትጀምር ነው። እዚሁ ለንደን አንድ ሻጭ የ«ላ ቦሄም» ኦፔራን ሳጥን «ባለ ሰፊ ባንድ የመጀመሪያ እትም» ብሎ ዋጋውን ሰቅሎብሃል። ልግዛው ወይስ ልተወው ነው ጥያቄህ። በዚያ ዋጋ ተወው።

ሰፊ ባንድ የሚሉት ሸክላው መሀል ላይ ባለው ክብ ወረቀት የሚያልፈውን፣ ስለ ስቴሪዮው የተጻፈበትን መስመር ነው። የእንግሊዙ ሸክላ አሳታሚ ዴካ ወደ 1970 ገደማ አቀጠነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሙዚቃ መሪው ካራያን ደግሞ ይህን ቦሄም ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የቀዳው በ1972 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እትም ራሱ ባለ ጠባብ ባንድ ነው። ሰውየው የሚሸጥልህ የሌለ ነገር ነው። ምናልባት ከሌላ ሰው የሰማውን እየደገመ ይሆናል፤ ለኪስህ ግን ለውጥ የለውም።

ሰፊ ባንድ ካማረህ ከዚያ በፊት የወጡትን ፈልግ። በ1968 የተቀዳው የዶኒዜቲና የቬርዲ አሪያዎች (ከኦፔራ የተወሰዱ የብቻ ዘፈኖች) አለ፤ ቁጥሩ ኤስኤክስኤል 6377 ነው። ከሶፕራኖዋ (ከፍ ያለውን የሴት ድምፅ ከምትዘፍነው) ጆአን ሰዘርላንድ ጋር በ1967 የሠራው የዶኒዜቲ «የክፍለ ጦሩ ልጅ»ም አለ፤ ሁለት ሸክላ ነው፣ ኤስኢቲ 372-3። ዘጠኙን ከፍተኛ ዶ (ለቴነር እጅግ ከባዱን ከፍተኛ ኖታ) ያለምንም ጭንቅ የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ማውጣት ከፈለግህ ለእነዚህ አውጣ።

የቀረው የፓቫሮቲ ሸክላ ብርቅ አይደለም። ሰውየው በሚሊዮን ነው የሸጠው። በ1976 የወጣው የገና መዝሙሮቹ ስብስብማ በእርዳታ ድርጅት ሱቆች እንደ ጎመን ተደርድሮ ታገኘዋለህ። ስለዚህ «እትሙ ስንተኛ ነው» ከማለትህ በፊት «ምን ያህል ተጫውቷል» በል። በኦፔራ ደግሞ ይሄ ከሌላው ሙዚቃ የበለጠ ያስፈልጋል። የቴነር ድምፅ ከፍ ሲል መርፌው የሚሄድበት ሸክላው ላይ የተቀረጸው መስመር በጣም ይጠማዘዛል፤ በድሮ ከባድ ማጫወቻ ወይም ባለቀ መርፌ ሲደጋገም መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። ሸክላው ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ጭረት የለውም፣ ፓቫሮቲ ጣራ ሲነካ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። ወደ መሀሉ ሲጠጋ ይብሳል፤ መርፌው እዚያ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ አጭር ስለሆነ። ሻጩ እንድትሰማ ከፈቀደልህ የመጀመሪያውን ደቂቃ ተወውና የገጹን መጨረሻ አስከፍት።

«ቱራንዶት» የሚባለው ኦፔራ ላይ ግን ሌላ ዘዴ አለኝ። በ1972 ዙቢን ሜታ ኦርኬስትራውን የመራው፣ ሰዘርላንድና ሌላዋ ሶፕራኖ ካባዬ ያሉበት ባለ ሦስት ሸክላ ሳጥን ነው። የ1990ው የኢጣሊያ ዓለም ዋንጫ ጊዜ ቢቢሲ የተጠቀመበት «ኔሱን ዶርማ» የሚለው አሪያ ከዚህ ቅጂ የተወሰደ ነው። የሦስተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ታገኘዋለህ። ባየኋቸው ሳጥኖች ሌላው ገጽ ሁሉ አዲስ ሆኖ «ኔሱን ዶርማ» ያለባት ገጽ ብቻ ግራጫ የሆነችበት ብዙ ነው። ባለቤቶቹ ሌላውን ኦፔራ ጨርሶ አልሰሙትማ! እሷን በጠንካራ መብራት ስር አዘንብለህ እያት።

እትም መለየቱ ደስ የሚልህ ከሆነ (እኔን ደስ ይለኛል፣ አልደብቅህም) ከወረቀቱ ውጭ ያለውን ባዶ ቀለበት ተመልከት። ዋናው ቁጥር ከታች ነው። እሱን ከታች አድርገህ ስትይዘው በቀኝ በኩል ትንሽ ፊደል አለች። እሷ የማተሚያውን ቅርጽ ተራ ትናገራለች። ዴካ «ባኪንግሃም» (BUCKINGHAM) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደሎች ነው የተጠቀመው፦ ቢ 1፣ ዩ 2፣ ሲ 3፣ ኬ 4 እያለ ይቀጥላል። ሁለት ፊደል ከሆነች ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ናት።

በ1980 ፖሊግራም የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ዴካን ሲገዛው እንግሊዝ ያለው የኒው ማልደን ፋብሪካው ተዘጋና ኅትመቱ ወደ ሆላንድ ሄደ። የሆላንዱን ሰብሳቢው ይንቀዋል። እኔ ግን የቦሄምን ሁለቱንም አለኝ። ድምፁ በእንግሊዙ ይበልጥ ቀርቦ ይሰማኛል፤ የሆላንዱ ደግሞ ጀርባው ጸጥ ያለ ነው። የተጫረ እንግሊዝ እና ንጹሕ ሆላንድ ቢያቀርቡልኝ ያለማመንታት ሆላንዱን አነሳለሁ። አሜሪካ ዘመድ ካለህ ደግሞ «ለንደን» የሚል ስም ያለበትን ሳጥን ያስመጣልህ። ዴካ የሚለው ስም እዚያ የሌላ ኩባንያ ስለነበር ነው ስሙን የቀየሩት፤ የሰባዎቹ ሳጥኖች በአብዛኛው እዚሁ እንግሊዝ የታተሙ ናቸው፣ ዋጋቸውም ይቀንሳል።

ሳጥን ስትገዛ የግጥሙ መጽሐፍ ውስጡ መኖሩን እይ። ያለ እሱ ኦፔራ መከታተል ይከብዳል። ስፖንጅ ካለበት አውጥተህ ጣል፤ ሲያረጅ ሸክላው ላይ ይጣበቃል። በባለ ሦስት ሸክላ ሳጥን አንደኛው ገጽ ጀርባው ላይ ስድስተኛው ቢሆን አትደንግጥ፤ ለድሮ አውቶማቲክ ማጫወቻ እንዲያ ይደረደር ነበር።

ቦሄሙን ግን ከነጭራሹ አትተወው። እዚያ ላይ አብራው የምትዘፍነው ሶፕራኖ ፍሬኒና ፓቫሮቲ ሁለቱም የሞዴና ከተማ ልጆች፣ ሁለቱም የ1935 ልደት ናቸው፤ እናቶቻቸው በአንድ የትምባሆ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። አብረው ሲዘፍኑ ይታወቃል። ሻጩን የመሀሉን ወረቀትና የቀለበቱን ቁጥር ፎቶ ጠይቀው። ባለ ጠባብ ባንድ መሆኑን ካመነና ወደ ተራ ዋጋ ከወረደ፣ ሸክላዎቹም ያልተበሉ ከሆኑ፣ ውሰደው። ፎቶዎቹን እዚህ ለጥፋቸው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።