ስኳር እያለብኝ የመኪና ውድድር መግባት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ጋራዥ እሠራለሁ። ስኳር ከተገኘብኝ 6 ዓመት ሆኖኛል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ አሮጌ ዲኤክስ አሰናድተን አማተር የመኪና ውድድር ልንገባ ነው። ኮፈኑ ላይ ስለ ስኳር ሕመም መልእክት እንጽፋለን ብለናል፤ እኛ ሰፈር ሰው በሽታውን ደብቆ ነው የሚኖረው። እናቴ ግን «መሪ ላይ እያለህ ቢጥልህስ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። መወዳደር እችላለሁ? መኪናው ላይስ ምን ብንጽፍ ሕዝቡን ይጠቅማል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። መርፌውን ሽንት ቤት ገብተው የሚወጉ ወጣቶች አያለሁ። አንተ አደባባይ ወጥተህ «እኔም አለብኝ» ስትል ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። እናትህም ግን ልክ ናቸው። ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው፦ በዕለቱ መንዳት አለመንዳትህን የሚወስነው የስኳር መለኪያህ ይሁን። አንተም፣ ጓደኞችህም፣ ተመልካቹም አይወስኑም።

የሚቻል ስለመሆኑ ማስረጃ አለ። አሜሪካዊው ቻርሊ ኪምቦል ዓይነት 1 ስኳር የተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ በ2013 የኢንዲካር (የአሜሪካ ፈጣን መኪኖች) ውድድር አሸንፏል። ሌላው አሜሪካዊ ራያን ሪድ ደግሞ ያው ስኳር ሲገኝበት ከእንግዲህ መወዳደር አትችልም ተብሎ ነበር፤ በ2015 ዴይቶና በተባለው የአሜሪካ የውድድር ሜዳ አንደኛ ወጣ። እኔን የሚገርመኝ ማሸነፋቸው ብቻ አይደለም። ኪምቦል ሄልሜቱ ድረስ የሚደርስ የመጠጫ ቱቦ ነበረው፤ ከአንዱ ጠርሙስ ውሃ፣ ከሌላው ስኳር ያለው መጠጥ ይመጣለታል። የደሙን ስኳር የሚያሳይ ስክሪንም ፊት ለፊቱ ነበር። እየነዳ ያየዋል፣ ከወረደ ይጠጣል። አንተ ጋ ያ ሁሉ መሣሪያ የለም። እሱን የሚተካው ደጋግሞ መለካትና የጓደኞችህ ዓይን ነው።

ለምን ይሄን ያህል አጠብቃለሁ? ስኳር ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል። ውድድር ሊጀመር ሲል ጤነኛውም ሰው እንዲሁ ነው የሚሆነው፤ ሁለቱንም የሚያመጣው ያው አድሬናሊን ነው። መሪ ላይ ተቀምጠህ «ይሄ የውድድሩ ስሜት ነው ወይስ ስኳሬ ወርዶ ነው?» ብትል ሰውነትህ አይነግርህም። ስኳሩ የበለጠ ሲወርድ ደግሞ ማመዛዘን ራሱ ይጠፋል። ያኔ «ደህና ነኝ» ትላለህ፣ እልህ ትይዛለህ፣ የሰከርክ ትመስላለህ።

ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ተለካ። መካኒክ ነህና እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ጣትህ ላይ ግሪስ ወይም የሙዝ ርዝራዥ ካለ ቁጥሩ ያሳስትሃል። ከ90 (mg/dL) በታች ከሆነ አትነሳ፤ መጀመሪያ ብላ። ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ጠጣ፣ ወይም የለስላሳ ግማሽ ጠርሙስ። ቸኮሌት አይሆንም፤ ቅባቱ ያዘገየዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገምና ተለካ። ቁጥሩ ቢስተካከልም 45 ደቂቃ ሳይሞላ መሪ አትያዝ፤ አእምሮ ከቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። ያ ማለት ዙሩ ያመልጥሃል። ይምለጥህ።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ልንገርህ፤ እኛ አገር ፕሮግራም በሰዓቱ አይጀመርም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋኸው ደመናማው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የምንለው፣ ኃይሉ የሚበረታው ከ5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው። 3 ሰዓት ይጀመራል የተባለው ውድድር 7 ሰዓት ይሆናል፣ ምሳ ይዘለላል፣ ስኳሩም ልክ ያን ሰዓት ይወርዳል። ምሳህን በፌስታል ይዘህ ሂድ፤ ውድድሩ ቢዘገይም አንተ በሰዓትህ ብላ። ጾም ላይ ከሆንክ አትወዳደር። ስኳር እንዳይወርድብኝ ብለህ መርፌውን መዝለልም ሌላ አደጋ ነው፤ መጠኑ መቀየር ካለበት ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር። ደስታውና ጭንቀቱ ስኳሩን ለጊዜው ሊሰቅለው ይችላል። ደንግጠህ በላዩ ላይ ብትወጋ ሌሊት ተኝተህ ሊወርድብህ ይችላል። ያን ቀን ከመተኛትህ በፊት ሳትለካ አትተኛ።

ኢንሱሊኑን መኪና ውስጥ አትተው። የጅማ አየር ለስላሳ ቢሆንም ፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና ሌላ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ይበላሻል። ገጠር እንደሚደረገው ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጋችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት።

ከዚያ በፊት ግን ክትትል የምታደርግበት ክሊኒክ ሂድ። ዓይንህ ይታይ። እግርህም ይፈተሽ፤ የደነዘዘ እግር ፍሬን ምን ያህል እንደረገጠ አያውቅም። ሰው ካልደረሰልህ በቀር የማትነቃበት የስኳር መውረድ በቅርቡ ገጥሞህ ከሆነ፣ ወይም ስኳርህ ሲወርድ ምልክቱ የማይታወቅህ ከሆነ፣ መሪው ለጓደኛህ ይሁን። መኪናው መልእክቱን ይዞ ይሮጣል፤ አንተ ማይክራፎኑን ትይዛለህ። ውድድሩም በተዘጋ ሜዳ፣ በሄልሜትና በቀበቶ፣ አምቡላንስ ባለበት መሆን አለበት። አስፋልት ላይ መፎካከርን እንደ ውድድር አልቆጥረውም።

ጓደኞችህ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት አጭር ነው። «ና ውረድ» ካሉህ ያለ ክርክር ትወርዳለህ፤ ይሄን አስቀድማችሁ ተማማሉ። ራስህን ከሳትክ አፍህ ውስጥ ምንም እንዳያፈሱ፣ በጎን አስተኝተው ሆስፒታል ያድርሱህ።

አሁን ወደ ኮፈኑ። «ስኳር አትብሉ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ እለምንሃለሁ። ያንተ ዓይነት ስኳር ጣፋጭ በመብላት አይመጣም፤ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሴሎች የሚያጠፋቸው የሰውነት መከላከያ ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የታመመን ልጅና ወላጆቹን ጥፋተኛ ያደርጋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ስኳር መሆኑ ሳይታወቅ የሚሞት ልጅ። ውሃ ይጠጣል ይጠጣል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፣ ይከሳል። ቀጥሎ ያስታውከዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ወባና ታይፎይድ ባለበት አገር መጀመሪያ የሚታሰበው እነሱ ናቸው። የሚያድነው ጣት ወግቶ መለካት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ በትልቁ ጻፉት፦ «ልጅዎ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል? ሽንት ያመላልሰዋል? ከስቷል? ዛሬውኑ ስኳሩን ያስለኩ።» በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፤ ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከዴዶ የሚመጣ ሰው በገዛ ቋንቋው ያንብበው። በኋላ በር ላይ «ጸሎቱም፣ ጸበሉም፣ ዱዓውም ከመርፌው ጋር» ብትሉ ደስ ይለኛል፤ ኢንሱሊን አቁመው የሚመጡ ሰዎች አሉና።

ቀኑን ገና ካልቆረጣችሁ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ኖቬምበር 14 ነው፤ በእኛ ኅዳር 5 ገደማ። ዝናቡ አባርቶ፣ ቡናው እየተለቀመ፣ ከተማው ሰው የሚሞላበት ጊዜ ነው። ሜዳው ዳር አንድ ጠረጴዛ አስቀምጡና ነርሶች ስኳር እንዲለኩ የጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ። ምልክቱ ያለበትና ከ200 በላይ የተገኘ ሰው፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ ቀጠሮ አይሰጠው፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። እሱን የሚያደርስ መኪና ከነሾፌሩ ከውድድሩ ውጪ አዘጋጁ።