«አባይ ዳር ጡረታ ልውጣ ብዬ ነበር፣ ጂንጃ እንዴት ናት?»

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። አምዳችሁን የምታነብልኝ ባለቤቴ ናት፣ ዛሬ ግን ራሴ ልጻፍ ብዬ ነው። 64 ዓመቴ ነው፣ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ 28 ዓመት ፓርኪንግም ታክሲም ሰርቼ አሁን ወገቤ እምቢ ስላለኝ በሚቀጥለው ዓመት ሪታየር ላደርግ ነው። ሀሳቤ ሁሌም ባህርዳር ነበር፣ ያደግኩት እዛ ነው፣ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ጠዋት ጠዋት ታንኳ እያየሁ ቡናዬን መጠጣት ነበር ምኞቴ፣ ግን አሁን ባለው ሁኔታ ልጆቼ «አባዬ አይሆንም» ብለው አለቀሱብኝ። ባለፈው ገና ካምፓላ ያለችው የእህቴ ልጅ ጋ ሄደን እዛው ኡጋንዳ ያለችው ጂንጃ ወሰደችን፣ አራት ቀን ቆየን። ነጩ አባይ ከቪክቶሪያ ሀይቅ ሲወጣ ሳየው እንባዬ መጣ። ከተማዋ ጭር ያለች ናት፣ ዛፍ በዛፍ፣ ሰዉ ትሁት። አንድ ደላላ ወንዙ ጫፍ ላይ ግማሽ ኤከር አሳየን፣ መሬቱ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብለህ ውሃውን በእጅህ ትነካዋለህ። ዋጋው የእኛን ቤት ሩብ አይሆንም። ግን ቶሎ በሉ አለን፣ ኤክስፕረስዌይ ሊመጣ ነው፣ ሆቴል እየተሰራ ነው፣ ዘንድሮ ካልገዛችሁ በዓመቱ እጥፍ ነው አለን። የዚህን ቤት ሸጬ ልግዛ ወይ? ያ ጸጥታስ ይቆያል ወይ? ልጆቼም አምዱን ያያሉና በግልጽ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ 28 ዓመት በብርድ ቆሞ መስራት ቀላል አይደለም። ደብዳቤዎን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ ምክንያቱም እኔም በባለቤቴ ስራ ምክንያት ጂንጃ ሁለት ዓመት ከምናምን ኖሬያለሁ፣ ያቺን ከተማ እወዳታለሁ። ስለዚ ቀጥታ ልንገርዎት፦ የሲልቨር ስፕሪንጉን ቤት አይሽጡ፣ መሬቱንም አይግዙ። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ዓመት ተከራይተው ይኑሩባት።

ደላላው ያልዎትን ደግመው ያስቡት እስቲ። በአንድ በኩል ጭር ያለ ቦታ ነው ብሎ አሳየዎት፣ በሌላ በኩል መንገድ ይመጣል ሆቴል ይመጣል ዋጋው እጥፍ ይሆናል አለዎት። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ዋጋው እጥፍ የሚሆነው ጸጥታው ሲያልቅ ነው። ለትርፍ ከሆነ የሚገዙት ሌላ ነገር ነው፣ እርስዎ ግን የጻፉልኝ ጠዋት ቡና ስለመጠጣት ነው።

ወንዙ ራሱ ስንቴ እንደተቀየረ ልንገርዎ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኳቸው)። ስፒክ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1862 መጥቶ የናይል መነሻ ነው ያለው የሪፖን ፏፏቴ ዛሬ የለም፣ የኦወን ፎልስ ግድብ በ1954 ሲመረቅ ውሃ ውጦታል፣ እርስዎ ቆመው ያለቀሱበት ቦታ ማለት ነው። ከዛ ወረድ ብሎ ቡጃጋሊ የሚባል የሚጮህ ፏፏቴ ነበር፣ ፈረንጆቹ በጎማ ጀልባ የሚወርዱበት፣ ለአካባቢው ሰው ደግሞ የተቀደሰ ቦታ ነው። እሱም በ2012 በተመረቀው 250 ሜጋዋት ግድብ ስር ገባ። ጀልባ የሚያወርዱት ልጆች ወደ ታች ሄዱ፣ 2019 ላይ ደግሞ የኢሲምባ ግድብ መጣና ከታችኛውም ብዙውን ወሰደው። ይሄን ስል ክፉ ተሰራ እያልኩ አይደለም፣ እኛም ከደሞዛችን ቦንድ ገዝተን ግድብ የሰራን ሰዎች ነን፣ መብራት የሌለው ቤት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ለማለት የፈለግኩት አንድ ሰው 2005 ላይ የፏፏቴውን ድምጽ ብሎ ቡጃጋሊ ዳር ቤት ሰርቶ ቢሆን ዛሬ የሚያየው የተኛ ውሃ ነው፣ መጥፎ ቤት ስለገዛ ግን አይደለም።

ከተማዋም እንደዛው። ዋናው መንገድ ላይ ግንባራቸው ላይ ዓመተ ምህረት የተጻፈባቸው አሮጌ የህንድ ሱቆች አይተዋል አይደል? ጂንጃ ድሮ የፋብሪካ ከተማ ነበረች፣ ጨርቃጨርቁ ስኳሩ ቢራው ሁሉ እዛ ነበር። 1972 ላይ ኢዲ አሚን ኤዥያኖቹን በ90 ቀን ውጡ ብሎ ሲያባርር ነጋዴውም ባለፋብሪካውም ሄደ፣ ከዛ በኋላ ከተማዋ ለብዙ ዓመት ቀዘቀዘች። ያ እርስዎን ያሳረፈዎት ጭርታ ከፊሉ የመጣው ከዛ ነው። ለኛ ሰላም ነው፣ ለጂንጃ ልጅ ግን ስራ የለም ማለት ነው። አሁን ከተማዋ ልትነሳ ነው፣ 2018 ላይ 525 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ተከፈተ፣ ሐምሌ 2020 ላይ ሲቲ ተባለች፣ ከካምፓላ የሚመጣው ኤክስፕረስዌይም ለዓመታት ሲወራ ኖሮ አሁንም እየተወራ ነው። ይሄን አይምጣ ማለት አንችልም፣ እኔ በበኩሌ ማለትም አልፈልግም።

የራሴን ልንገርዎ። እኛ የተከራየነው ቤት ወንዙን ከሩቅ ያያል፣ ከአጥሩ ማዶ ባዶ መሬት ነበር፣ መሬቱ መሀል ላይ ትልቅ የፌኔ (ጃክፍሩት) ዛፍ፣ ፍሬው የበግ ጠቦት የሚያክል፣ ሲበስል ሽታው ቤት ድረስ ይመጣል፣ አባ ኮዳዎች ማታ ማታ እዛ ላይ ነው የሚያድሩት። በስምንተኛው ወር አንድ ጠዋት በመጋዝ ድምጽ ነቃን። እስከ ምሳ ሰዓት ዛፉ ወደቀ፣ በሳምንቱ የሲሚንቶ መኪና መጣ፣ ሆቴል ነው አሉ፣ ከዛ ጄኔሬተር፣ ከዛ አርብና ቅዳሜ እስከ ንጋት ሙዚቃ። እኔ አለቀስኩ። ዘበኛችን ግን፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ልጃቸው ጡብ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጥሮ የመጀመሪያ ደሞዙን ለሳቸው ሰጥቷቸዋል። እኔ ተከራይ ስለነበርኩ በሁለት ወር ውስጥ እቃዬን ጭኜ ሌላ ሰፈር ገባሁ። ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር?

ወደ መሬቱ ልምጣ፣ እዚጋ በደንብ ያንብቡኝ። የኡጋንዳ ህግ የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ ብቻ ነው እንዲይዝ የሚፈቅደው፣ እስከ 99 ዓመት። ስለዚ ደላላው «ይገዛሉ» ሲልዎት በስምዎ ፍሪሆልድ፣ ማለትም ጊዜ የማይገደበው የራስ ይዞታ፣ ማለቱ ከሆነ አይሆንም፣ በእህትዎ ልጅ ባል ስም ወይ በሌላ ዘመድ ስም ይሁን ካሉም ይሄ ስንት ቤተሰብ ያፋጀ ነገር ነውና እባክዎ እንዳያደርጉት። ሁለተኛ፣ ናይል ዳር ከውሃው 100 ሜትር፣ ቪክቶሪያ ሀይቅ ዳር ደግሞ 200 ሜትር በ2000 በወጣው ደንብ የተከለለ ነው፣ ኔማ የሚባለው የአካባቢ ባለስልጣን ሳይፈቅድ ምንም አይሰራበትም። ግማሽ ኤከር ማለት ወደ 2,000 ካሬ ነው፣ 45 ሜትር በ45 ሜትር ቢሆን ነው። ውሃውን በእጅ የሚነካ ግማሽ ኤከር እንግዲህ ጠቅላላው ክልክሉ ውስጥ ነው ያለው! ጠባብና ረጅም ካልሆነ በስተቀር የሳሎንዎን መሰረት የሚያወጡበት ቦታ የለም። ሀይቁም ዝም አይልም፣ 2020 ላይ ከ1960ዎቹ ወዲህ ያልታየ ከፍታ ደርሶ ዳር ዳሩን የነበሩ ቤቶችና የመዝናኛ ቦታዎች ውሃ ገብቶባቸዋል።

ሌላው፣ ሻጩ ቤተሰቡ የሚኖርበትን መሬት ከሆነ የሚሸጠው የሚስቱ ፈቃድ በጽሁፍ ያስፈልጋል፣ ያለሷ ፈቃድ የተሸጠ አይጸናም። የሰፈሩ ኤልሲ ዋን (እንደኛ ቀበሌ ያለ ነው) ሊቀመንበር ማህተም አደረገ ብለው እንዳይዘናጉ፣ እሱ ሰውየውን አውቀዋለሁ ነው የሚለው፣ ካርታው የማን እንደሆነና እዳ እንዳለበት የሚታየው የመሬት ሚኒስቴሩ ጂንጃ ያለው የዞን ቢሮ ነው። ጠበቃውን እርስዎ ይቅጠሩ፣ ደላላው ያመጣውን አይደለም።

ሶሻል ሴኩሪቲዎ፣ የጡረታ ክፍያዎ ማለቴ ነው፣ የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ ኡጋንዳም ሆነው ይመጣል፣ በህይወት መኖርዎን የሚጠይቅ ፎርም በፖስታ ይልካሉ፣ ሞልተው ካልመለሱ ይቆማል፣ ስለዚ ደብዳቤዎን የሚያይ አንድ ልጅ ይመድቡ። ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ያለዎት ግን ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየት ክፍያውን ሊያስቆመው ይችላል፣ ካርዱም ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ሳይጠይቁ አይነሱ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ አይሰራም ማለት ይቻላል። እዛ ስለማልጠቀምበት ብለው ፓርት ቢውን (የሀኪም ወጪ የሚሸፍነውን ክፍል) ቢያቋርጡት ኋላ ሲመለሱ ለእያንዳንዱ ያቋረጡበት ሙሉ ዓመት ክፍያው ላይ 10 ከመቶ ይጨምሩብዎታል፣ እሱም እድሜ ልክ ነው። እኔ ብሆን ለመጀመሪያው ዓመት አላቋርጠውም።

ጤና ካነሳን፣ ባህርዳር ያደጉ ሰው ነዎትና ወባን ያውቋታል፣ ግን ከ28 ዓመት ሜሪላንድ በኋላ ሰውነትዎ ረስቷታል። አጎበር ግድ ነው፣ ወንዙ ውስጥም እግርዎን አይንከሩ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ጂንጃ ሀኪም ቤት አለ፣ ጠንከር ያለ ነገር ሲመጣ ግን መንገዱ ወደ ካምፓላ ነው፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልጄ በወባ ስትተኩስ አንድ ከሰዓት ይዣት ወጣሁ፣ ያ መንገድ የሞምባሳን የጭነት መኪና ሁሉ የሚሸከም ነው፣ ማቢራ ጫካ ውስጥ አንድ ቦቴ ተገልብጦ ሁለት ሰዓት ቆምን። ናማዎጆሎ የሚባለው የመንገድ ዳር ገበያ ስንደርስ የዶሮ ጥብስ በእንጨት የሰኩት ልጆች እንደወትሮው መስኮቱን ከበቡት፣ እኔ ግን የልጄን ግንባር እየዳሰስኩ መንገዱ እስኪከፈት ነበር የምጸልየው። ለዚህ ነው ኤክስፕረስዌዩ ቢሰራ ደስ ይለኛል የምለው። ጸጥታ ይቀንሳል፣ ግን በ64 ዓመት ሀኪም ጋ በአንድ ሰዓት መድረስም ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ቢሞክሩት እንዲህ ያድርጉት፦ የሲልቨር ስፕሪንጉን ቤት ያከራዩት፣ የመኖሪያ ፈቃዱን በጠበቃ በኩል አስቀድመው ይጨርሱ፣ በቱሪስት ቪዛ እየገቡ እየወጡ መኖር ልብ አያሳርፍም። መጋቢት ላይ ይግቡ፣ ዝናቡ ያኔ ነው የሚጀምረው፣ እርስዎ ያዩት የታህሳሱን ብራ ብቻ ነው። ቤቱን ከወንዙ ዳር ሳይሆን ከተማው ውስጥ፣ ዛፉ ካልተቆረጠበት አሮጌ ሰፈር ይያዙ፣ ማታ ማታ በእግርዎ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ከመፈረምዎ በፊት ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ላይ ሄደው ደጁ ላይ ቆመው ያዳምጡ፣ ጎረቤት ያለውን ባዶ መሬት ባለቤቱን ጠይቁት ምን ሊሰራበት እንደሆነ። ሀበሻው ያለው ካምፓላ ካባላጋላ ነው፣ እንጀራውም፣ ቡና ጠጡ የሚል ሰውም፣ ልቅሶ የሚቀመጥም እዛ ነው፣ ስለዚ በወር አንድ ሁለት ጊዜ መንገዱን መመላለስ እንደሚኖር ከወዲሁ ይወቁት።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ ጋሼ። ልጆቹ ምን እንዳሉ ጽፈዋል፣ ደላላው ምን እንዳለ ጽፈዋል፣ ባለቤትዎ ምን እንዳሉ ግን የለም። አምዱን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው ብለውኛልና እትዬ፣ ይሄን እያነበቡላቸው ከሆነ እዚጋ ቆም ይበሉና እርስዎስ ጂንጃ እነዛን አራት ቀን እንዴት አገኟት? ሁለተኛውን ደብዳቤ እርስዎ ይጻፉልኝ።