«ናፈቁኝ» ወይስ «ናፈቅኸኝ»?

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለሙት ዓመታቸው ዘፈን እየሠራሁ ነው። በሕይወት ሳሉ «እርስዎ» ነበር የምላቸው። መግቢያው እንዲህ ይላል፦

ሬዲዮው ተከፍቶ ዜናው ሲሰማ፣
ናፈቁኝ አባባ፣ ድምፆን ልስማ።

ታላቅ ወንድሜ ግን «ለሞተ ሰው፣ ያውም በዘፈን፣ እርስዎ አይባልም፤ ‹ናፈቅኸኝ› በል» አለኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የአባታችሁን ነፍስ ይማር። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ «ናፈቁኝ» ይበሉ።

የወንድምዎን ሐሳብ የያዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። በእኛ በቋንቋ ሙያም አሉ። ክርክራቸው ይህ ነው። ግእዝ ለነጠላ ሰው የአክብሮት መደብ የለውም፤ ፈጣሪም ንጉሥም «አንተ» ይባላሉ። ግጥም ይህን ልማድ ወረሰ፤ ሙሾም ከዚያው ቀዳ። ለማስረጃም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተባለውን ይጠቅሳሉ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

«ንጉሥ እንኳ ‹ሞተ› ተብሏል» ይላሉ። ይህ ማስረጃ አያስኬድም። የ«ሞተ» ባለቤት «ንጉሡ» አይደለም፤ «አንድ ሰው» ነው። «አንድ ሰው ሞቱ» ማለት ደግሞ የተለመደ አይደለም። ግጥሙን ያወጣው ሰው ስሙንም ማዕረጉንም ደብቆ «አንድ ሰው» አለ፤ ግሡም ያንን ተከተለ። የስንኙ ጉልበት እዚያ ላይ ነው እንጂ ስለ አክብሮት መደብ የሚነግረን ነገር የለም።

ይሁን እንጂ በየለቅሶው ከሚወጡት ሙሾዎች ብዙዎቹ ሟቹን «አንተ» እንደሚሉት አልክድም። ጀግና በፉከራም በሙሾም «አንተ» ነው። ግን አልቃሿ የአገሩ አፍ ናት፤ ሰፈሩን ሁሉ ወክላ ነው የምታወጣው። እርስዎ ልጅ ነዎት። ደግሞም የእርስዎ ሥራ ሙሾ አይደለም። ሙሾ የለቅሶ ነው፤ ለሙት ዓመት የሚዜመውን እኔ እንጉርጉሮ ብለው ደስ ይለኛል።

አሁን «ናፈቁኝ» የምትለዋን ግሥ ጠጋ ብለው ይዩዋት። ባለቤቷ ማን ነው? እርስዎ ናፈቁኝ። እሳቸው ናፈቁኝ። እነሱም ናፈቁኝ። ለሦስቱም ርባታዋ አንድ ነው። «አባባ» የሚለውም ጥሪ ሊሆን ይችላል፣ የግሡ ባለቤትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰሚው «ናፈቁኝ አባባ» ላይ ሲደርስ፣ አባትዎን እየተጣሩ ይሁን ስለ አባትዎ ለሌላ ሰው እያወሩ ገና አልለየለትም። የሚለይለት «ድምፅዎን» ሲመጣ ነው። «ድምፃቸውን» ቢሉ ኖሮ ወሬ ይሆን ነበር፤ «ድምፅዎን» ስላሉ ጥሪ ሆነ። የሌለን ሰው እንደሌለ እያወቁ መጣራት አለ አይደል? አማርኛ ያንን በአንዲት ግሥ ይዞልዎታል። «ናፈቅኸኝ» ሲሉ፣ ወይም እንደ ከተማው አነጋገር «ናፈቅከኝ» ሲሉ፣ ነገሩ ገና ከመነሻው ያልቃል። ተቃዋሚዎቼ ይህን «አሻሚነት ነው» ብለው ይነቅፉታል። በማመልከቻ ላይ ቢሆን እውነት ነበር። በዘፈን ውስጥ ግን ሀብት ነው።

«ሲሰማ» እና «ልስማ» ከአንድ ሥር ወጥተው ቤት መምታታቸውም መልካም ነው። እንዳይነኩት።

የምጣላዎት «ድምፆን» ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ በየቦታው ተስፋፍቷል፦ «እርሶ»፣ «ቤቶ»፣ «ልጆ»። «እርስዎ» የመጣው ከግእዙ «ርእስ» ነው። ግእዝ ይህን ቃል «ራሱን በራሱ» ለማለትም ይጠቀምበታል። ከእሱ «ራስ» ወጣ፤ «እርሱ»፣ «እርሳቸው»፣ «እርስ በርስ» የሚሉትም ወጡ። ስለዚህ «እርስዎ» ማለት ሥሩ «ራስዎ» ነው፤ «ዎ» የአክብሮት ቅጥያ ነው። «‹እርሶ› ግእዝ ውስጥ ‹ርእሶ› የሚል ዘመድ አለው» የሚሉ አጋጥመውኛል። አለው፤ ግን እሱ «ራሱን» ማለት ነው፤ ተሳቢ ነው፣ ሦስተኛ መደብ ነው። አክብሮት የለበትም። «ዎ»ን ስንውጣት የምትጠፋው ያቺው አክባሪዋ ፊደል ናት።

የዚህ መደብ መሳሳት ያሳስበኛል። በገጠሩ «አንቱ» አሁንም አለ፤ ከተማ ውስጥ ግን ከ«አንቱ የተባለ ሐኪም»፣ «አንቱ የተባለ ዳኛ» ውጭ ብዙ አይሰማም። መከበር ራሱ በተውላጠ ስም ይነገር እንደነበር የሚያሳይ ፈሊጥ ነው።

ሳልወድ የምቀበለውም አለ። ዛሬ አባቱን «አንተ» እያለ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። እናትንማ «አንቺ» ማለት ዱሮም ነውር አልነበረም። እንዲህ ያደገ ሰው በዘፈን ብቻ «እርስዎ» ቢል ውሸት ይመስልበታል፤ «አንተ» ይበል። እኔ ጆሮዬን ባይመቸውም የለመደው ጥሪ እሱ ነው። እርስዎ ግን የለመዱት «እርስዎ» ነው። ወንድምዎም ቢሆኑ አባታችሁን በሕይወት ሳሉ ምን ይሏቸው እንደነበር ይጠይቋቸው።

ሲያዜሙት «ድምፆን» ተብሎ መሰማቱ አይቀርም፤ አፍ የሚያደርገውን መከልከል አይቻልም። ወረቀቱ ላይ ግን «ድምፅዎን» ብለው ይጻፉ። በሚቀጥሉት ስንኞችም ቤት አልመታ ብሎ ሲያስቸግርዎ ወደ «አንተ» እንዳይሸሹ። «እርስዎ» ብሎ የጀመረ ዘፈን መሃል ላይ «ሄድህ»፣ «ተውኸኝ» ካለ፣ ሰሚው ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዞር ይላል። የሚቸግርዎት ቃል ካለ ቃሉን ይቀይሩ፤ መደቡን ይተዉት።